የኪሮሽ ሻርፕ እንዴት እንደሚሰራ (ሳምቡሳ ሳይሆንባችሁ)

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ትከሻን ግን አጥንት አያሞቀውም። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ይከብዳል፣ ነጠላ ይሳሳል። ለዚህ ጊዜ የሚሆነው በኪሮሽ የተሰራ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሻርፕ ነው። ዳንቴል ሞካክራችሁ ከሆነ እጃችሁ ግማሹን ያውቀዋል።

መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ወይም የጥጥ ክር ግዙ። ጥቁር ይቅርባችሁ፤ ማታ በመብራት ቀዳዳው አይታይም። ክሩን በአንዴ ግዙት፣ ሳምንት ቆይታችሁ ስትመለሱ ያው ቀለም ትንሽ ይለያል። ኪሮሹ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለቴሌቪዥን ልብስ የምንሰራበት ቀጭኑ ሻርፑን ካርቶን ያደርገዋል። ፕላስቲኩን እኔ አልወደውም፣ ክር ይይዛል።

95 ሰንሰለት (ክሩን በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ እየሳባችሁ የምታወጡት ተከታታይ ቀለበት) ስሩ፣ ላላ አድርጋችሁ። 93ኛዋ ላይ መርፌ ቁልፍ አድርጉባት፤ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ። ይህ 30 ቀዳዳ ይወጣዋል። ለማስፋት በአንድ ቀዳዳ 3 ሰንሰለት ጨምሩ፣ መርፌ ቁልፏም ሁልጊዜ ከመጨረሻ 3ኛዋ ላይ ትሁን።

አሁን ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥሙ፣ ከኪሮሹ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ 8ኛዋ ሰንሰለት ውስጥ ኪሮሹን አስገቡ፣ ክር ስባችሁ አውጡ። ኪሮሹ ላይ 3 ቀለበት አላችሁ። ክር ስባችሁ በ2ቱ አሳልፉ፣ ደግማችሁ በቀሩት 2ቱ። ይህችን “ቋሚ” እንበላት። ከዚያ 2 ሰንሰለት፣ ከታች 2 ዝለሉ፣ ቋሚ። እስከ ጫፍ እንዲሁ።

ጉዱ ያለው መዞሪያው ላይ ነው። ረድፉ ሲያልቅ 5 ሰንሰለት ሰርታችሁ አዙሩ። ከ5ቱ 3ቱ እንደ ቋሚ ይቆጠራሉ፣ 2ቱ የቀዳዳው ጣሪያ ናቸው። ስለዚህ ከስር ያለውን የመጀመሪያ ቋሚ ዝለሉት፣ ቀጣዩ አናት ላይ ቋሚ አቁሙ፣ 2 ሰንሰለት እያደረጋችሁ ቀጥሉ።

ጫፍ ስትደርሱ ቋሚዎቹ ያለቁ ይመስላል። አላለቁም! የመጨረሻው ያለፈው ረድፍ መዞሪያ ሰንሰለት ነው፤ ቋሚ ስለማይመስል ዓይን ያልፈዋል። ከታች ቆጥራችሁ 3ኛዋ ሰንሰለት ላይ ቋሚ ማቆም አለባችሁ። 2ኛው ረድፍ ላይ ይህች ሰንሰለት መርፌ ቁልፍ ያደረጋችሁባት 93ኛዋ ናት።

እኔ ይህን ሳላውቅ ድራማ እያየሁ ሰራሁ። በየረድፉ አንድ ቀዳዳ ስጥል 12ኛው ላይ 19 ብቻ ቀሩኝ። እናቴ ዘርግታ አየችውና “ሳምቡሳ ልትጠቀልዪበት ነው?” አለችኝ። የሶስት ቀን ሥራዬን ቁጭ ብዬ ተረተርኩት።

ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ መዞሪያ 3ኛዋን ሰንሰለት እንደሰራሁ መርፌ ቁልፉን አስገባባታለሁ። ስመለስ የት እንደምወጋ አልጠፋም። በየ5 ረድፉም እቆጥራለሁ። የጎደለ ካለ ወዲያው ተርትሩ፤ “ቀጣዩ ላይ አስተካክለዋለሁ” የሚባል ነገር አይሰራም፣ ጠርዙ ይቦጨቃል።

1 ሜትር ከ80 ሲደርስ ይበቃል። ክሩን ቁረጡ፣ ጫፉን በመርፌ ሸሽጉት።

ሲያልቅ ጭምድድ ያለ ጨርቅ ቢመስል አትደንግጡ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ሳትጠመዝዙ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ከዚያ ፍራሽ ላይ አንሶላ አንጥፉና ወጠር አድርጋችሁ ዙሪያውን በስፒል ያዙት። ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱት ያኔ ነው። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት ግን በክብደቱ ይለጠጣል። የገዛችሁት ክር አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ካውያ እንዳታስነኩት፤ ይቀልጣል።