አውቶቡሱ አዲስ፣ ሥልጠናው የድሮ

አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሥራ ጀምሯል። ሁለት አካሉ በመጋጠሚያ የተያያዘው ተቀጣጣዩም ባለ ሁለት ፎቁም ቀድመው መጥተዋል። ሹፌሩን የምናሠለጥንበት መንገድ ግን ብዙ ቦታ ያው ነው፦ መሪ ያዝ፣ ወደ ኋላ ሂድ፣ አቁም፣ አለፍክ። እኔ ከሹፌሮች ጋር ብዙ ተቀምጫለሁ፤ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ልምድ አለው፤ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል?»

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሃያ ዓመት ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና የነዳ ሰው ጎበዝ ሹፌር ነው፤ አይካድም። ግን ሲጭን የኖረው ጤፍ ነው። የጤፍ ኩንታል ፍሬን ሲያዝ አይጮህም። ነጠላዋን ያጣፋች፣ በአንድ እጇ ዘንቢል የያዘች እናት ግን ትወድቃለች።

ከሚኒባስ የመጣውም የራሱን ልማድ ይዞ ነው የሚመጣው። እጅ በተነሳበት ሁሉ ማቆም፣ ተሳፋሪ ለመሻማት መቅደም። እሱ ላይ አልፈርድም፤ እንጀራው በሰው ቁጥር ነበር። ጆሃንስበርግ ላይ ሬያ ቫያ የተባለው ፈጣን አውቶቡስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረ በኋላ የሚኒባስ ባለቤቶች የአውቶቡሱ ኩባንያ ባለድርሻ ሆኑ፤ የኩባንያው ክፍያም በተሄደው ኪሎ ሜትር ሆነ። አከፋፈሉ ሳይቀየር ሹፌሩን «አትሻማ» ብሎ ማስተማር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ባዶ አውቶቡስ ላይ ማለማመድ

ሰልጣኙ ሰፊ ሜዳ ላይ ባዶ አውቶቡስ ይዞ ይዞራል። ጥሩ። ነገ ጠዋት ግን 80 ሰው ይሳፈራል። አንዱ በአማካይ 60 ኪሎ ቢመዝን 48 ኩንታል ነው። ፍሬኑ እንደ ትናንቱ አይታዘዝለትም። አሸዋ በከረጢት ጭኖ ማለማመድ ምን ይከብዳል?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የተለመደው የከተማ አውቶቡስ ርዝመቱ 12 ሜትር ነው። ሹፌሩ አንድ ሰከንድ ቢዘናጋ እግሩ ፍሬን ሳይነካ አውቶቡሱ ከራሱ ርዝመት በላይ ሄዷል ማለት ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ከመጻፍ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ አስምሮ ማሳየት ይሻላል።

አንድ አሠልጣኝ ሲያደርግ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው ሃይላንድ ክዳኑን ከፍቶ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ወለሉ ላይ ያቆማል። ሃይላንዱ ከወደቀ ሰልጣኙ ወርዶ ወለሉን ይወለውላል፣ ከዚያ እንደገና ይነዳል። በሦስተኛው ቀን የሚወለውል ሰው አልነበረም። በተለይ ለኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይህ ልምምድ ፍቱን ነው፤ ሞተሩ ጉልበቱን ከመነሻው ስለሚሰጥ በናፍጣ አውቶቡስ ልማድ የተረገጠ ነዳጅ መስጫ ቆሞ ያለውን ሁሉ ወደ ኋላ ይዘርራል። (ነዳጅ የለውም እንጂ ሹፌሮቹ ያው «ነዳጅ መስጫ» ነው የሚሉት።)

ቁልቁለቱን መዝለል

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ግድም ነው። ይህ ከተማ ቁልቁለት ነው እኮ! ሥልጠናው ግን ሜዳ ላይ ተጀምሮ ሜዳ ላይ ያልቃል።

በናፍጣው አውቶቡስ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወረድ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ነው እንጂ እግር ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በኤሌክትሪኩ ነገሩ ይለያል። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ራሱ አውቶቡሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ደስ ይላል። ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ተጨማሪ ስለማይቀበል ሞተሩ እንደ ወትሮው አይይዝም። ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ከዳገት ላይ ጠዋት የሚነሳ አውቶቡስን አስቡት። ሹፌሩ ይህን አስቀድሞ ካልተነገረው የሚያውቀው ቁልቁለቱ መሀል ነው።

ፌርማታን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ከኋላ ጎማ በስተኋላ የሚተርፈው የአውቶቡሱ አካል ሦስት ሜትር ገደማ ይሆናል። ሹፌሩ ከፌርማታ ለመውጣት መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ያ ጭራ ወደ ቀኝ ይወጣል። በቀኝ ደግሞ ሰልፉ አለ። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት ሰው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው የሚቆመው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ትንሽ መሄድ፣ የቀኝ ስፖኪዮ ማየት፣ ከዚያ መጠምዘዝ። ተቀጣጣዩ ላይ ደግሞ በኩርባ ጊዜ የኋላው ክፍል ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ሁለቱ የተለያየ ልምምድ ነው የሚፈልጉት፤ በአንድ ቀን ተደርበው ሲሰጡ አይቻለሁ።

ከጠርዙ ርቆ ማቆምም ያው ስህተት ነው። ልጅ ያዘለች ሴት አስፋልት ወርዳ እንደገና እንድትወጣ ማድረግ ነው።

የዘገየን ሹፌር «ፍጠን» ማለት

አርባ ደቂቃ ጠብቀን ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ሲመጣ የማናማርር የለንም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፊተኛው ትንሽ ሲዘገይ ፌርማታው ላይ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ ብዙ ሰው ሲያሳፍር ይበልጥ ይዘገያል፤ የኋለኛው ባዶውን እየሮጠ ይደርስበታል። መፍትሔው የፊተኛውን ማሯሯጥ ሳይሆን የኋለኛውን ጥቂት ማቆየት ነው። ይህን ሹፌሩም ስምሪት ክፍሉም አብረው ካልተማሩት ተሳፋሪው «ምን ያስቆመናል!» ብሎ ሲጮህ ሹፌሩ ይነዳል።

ድምፁን አለማስታወስ

የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ቀስ ሲል አይሰማም። እዚህ አገር ብዙ ሰው መንገድ የሚያቋርጠው በጆሮው ነው። ሹፌሩ ይወቀው።

ጂፒኤስን ለቅጣት ብቻ ማዋል

የማውቀው አንድ ሹፌር ቢሮ ተጠርቶ ወረቀት ተሰጠው። አውቶቡሱ ላይ ያለው ጂፒኤስ የመዘገበው ነው፤ «በሳምንት ሰባት ድንገተኛ ፍሬን» ይላል። ከደመወዙ ተቆረጠ። ምን ሆኖ ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ካርታውንም የከፈተ የለም። ወረቀቱን ይዞልኝ መጣና ቦታና ሰዓቱን አንድ በአንድ አየነው። ሰባቱም አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት ነበሩ።