ቮይስን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አፕ ሲመርጡ፦ ከመክፈልዎ በፊት አፑንም ድጋፍ ሰጪዎቹንም ይፈትኑ

አፕ ሠሪዎች ለማሳያ የሚያቀርቡት ቅጂ ጸጥ ባለ ክፍል፣ በጥሩ ማይክ፣ አንድ ሰው ረጋ ብሎ እየተናገረ የተቀዳ ነው። እርስዎ ጋ የሚደርሰው ቮይስ ግን መንገድ ላይ፣ ንፋስ እየነፈሰ፣ በጥድፊያ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ፈተናውን በራስዎ ቅጂዎች ይጀምሩ። አንድ አንድ ደቂቃ የሚሆኑ አራት ቮይሶች ይበቃሉ፦ አንዱ ጥርት ያለ፣ ሁለተኛው ጫጫታ ያለበት፣ ሦስተኛው ሁለት ሰዎች ንግግር የሚሻሙበት፣ አራተኛው ስምና ቁጥር የበዛበት።

ፋይሎቹን ከዋትሳፕ ወይም ከቴሌግራም እንዳሉ አውጥተው ወደ አፑ ይላኩ። ሁለቱም ቮይስ የሚያስቀምጡት ኦፐስ በሚባል የድምፅ ፋይል ዓይነት ስለሆነ ኤምፒስሪና ዋቭ ብቻ የሚቀበል አፕ እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ በየጊዜው ፋይል መቀየር ያሰለቻል። ቮይሱን በስፒከር እያጫወቱ በሌላ ስልክ መቅዳት ግን አይሞከር። የክፍሉ ማስተጋባት ይጨመርበትና ውጤቱ ይበላሻል።

ቀጥሎ አንዱን ቮይስ ራስዎ ቃል በቃል ይጻፉትና አፑ ካወጣው ጋር ያስተያዩ። የተቀየረውን፣ የተዘለለውንና ያለቦታው የገባውን ቃል ቆጥረው ይደምሩ፤ ድምሩን እርስዎ በጻፉት ቃላት ብዛት ያካፍሉ። በ120 ቃል ላይ 18 ስህተት ካለ 15 በመቶ ነው። በእኛ ግምት እስከ 10 በመቶ ድረስ በቀላል እርማት ይሄዳል፤ 30 በመቶ ከደረሰ ግን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ቢቀያየሩ ከስህተት አይቁጠሩት። ሆኖም አንዱን ስም እዚያው ጽሑፍ ውስጥ በሁለት ዓይነት ፊደል የሚጽፍ አፕ በኋላ በፍለጋ ለማግኘት ያስቸግራል።

በመቶኛው ብቻ አይወስኑ። «አልከፈልኩም» ተብሎ «ከፈልኩ» ሆኖ ቢወጣ የተሳሳተው አንድ ቃል ነው፤ መልእክቱ ግን ተገልብጧል። አማርኛ አሉታውን በቃሉ ፊትና ኋላ ስለሚሸከም ጫጫታ ሲኖር «አል»ም «ም»ም ይዋጣሉ። «ሰላሳ» እና «ስልሳ»ም እንዲሁ ይምታታሉ። አሉታን፣ ቁጥርንና ስምን የነኩ ስህተቶችን ለይተው ያስምሩባቸው። ሁለት አፖች በመቶኛ ከተቀራረቡ እነዚህ ያነሱበትን ይምረጡ።

የዝምታ ፈተናም አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ ያህል የክፍሉን ድምፅ ብቻ ቀድተው ያስገቡ። ባዶ ገጽ ከወጣ ጥሩ ነው። ማንም ያላለው ዓረፍተ ነገር ወይም አሥር ጊዜ የተደጋገመ ሐረግ ከወጣ፣ አፑ በእውነተኛ ቮይስ መሀል ባለ ዝምታም ያልተባለ ነገር ይፈጥራል ማለት ነው። ብዙ አፖች የተሠሩበት ዊስፐር፣ የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል፣ ይህ ችግር በደንብ ይታወቅበታል። ድምፁን በ30 ሰከንድ እየከፈለ ይሠራል፤ ቋንቋውንም የሚገምተው ከመጀመሪያው 30 ሰከንድ ነው። መግቢያው ላይ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ቮይስ ጠቅላላው በተሳሳተ ቋንቋ የሚወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ «በራሱ ይለይ» የሚለውን ትተው አማርኛን በእጅ ይምረጡ፤ በእጅ መምረጥ የማያስችል አፕ አይግዙ። አማርኛ በዊስፐር ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ውጤቱ ግን ከእንግሊዝኛው በብዙ ይርቃል። የቋንቋ ብዛት ማስታወቂያ ስለ ጥራት ምንም አይነግርዎትም።

ቮይሱ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፣ ዋይፋዩንም አጥፍተው ይሞክሩ። ከሠራ፣ ሥራው እዚያው ስልኩ ላይ እያለቀ ነው። ካልሠራ ወደ ሰርቨር ይልካል ማለት ስለሆነ የድምፅ ፋይሉ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ለሞዴል ማሠልጠኛ ይውል እንደሆነ፣ አካውንቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ከፖሊሲው ያንብቡ። በቮይሱ ላይ ያለው ድምፅ የሌላ ሰው መሆኑንም አይርሱ፤ ሰውየውን ሳያስፈቅዱ ምስጢሩን ወደ ሰርቨር አይላኩ።

አሁን ወደ ድጋፍ ሰጪዎቹ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ጥያቄ በአንድ መልእክት ይላኩ፤ ለምሳሌ፦ «የ40 ደቂቃ የኦፐስ ፋይል ትቀበላላችሁ? ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ከከፈልኩበት ደቂቃ ላይ ይቆረጥብኛል?» ወዲያው የሚመጣው አውቶማቲክ መልስ አይቆጠርም። ጥሩ ድጋፍ በአንድ ወይም በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ይመልሳል፤ የማይችሉትን «አንችልም» ይላል። አንዱን ብቻ መልሰው ሌላውን ካለፉት፣ ወይም የእገዛ ገጽ ሊንክ ብቻ ከላኩ፣ ከከፈሉ በኋላም የሚጠብቅዎ ይኸው ነው። ፓስወርድ የሚጠይቅ ካለ ንግግሩን ያቁሙ።

ችግር ሲያጋጥም መልሱ የሚፈጥነው በደብዳቤዎ ልክ ነው። «አይሠራም» የሚል መልእክት ሁለት ሦስት ቀን በጥያቄ ያመላልሳል። የስልኩን ሞዴልና የሲስተሙን ቨርዥን፣ የአፑን ቨርዥን፣ የፋይሉን ዓይነትና ርዝመት፣ ስህተቱ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ ምን ጠብቀው ምን እንደወጣ ይጻፉ፤ ስክሪንሾት ያያይዙ። ችግሩ የሚታይበትን 20 ሰከንድ ያህል ቆርጠው ይላኩ፤ የግል ጉዳይ ካለበት ግን ሌላ ቃል ተናግረው እንደ አዲስ ይቅዱት። ጥሩ ባለሙያ ስህተቱን እርሱም ጋ እንዳየው ይነግርዎታል፣ እስኪስተካከል በምን በኩል ማለፍ እንደሚቻል ያሳያል፣ የባከነውን ደቂቃ ይመልሳል።

ክፍያው በአፕል አፕ ስቶር በኩል ከሆነ ገንዘብ የሚመልሰው አፕል ራሱ ነው፤ አፕ ሠሪውን ቢለምኑት ሊያደርገው አይችልም። በጉግል ፕሌይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ለጉግል ማመልከት ይቀላል። አፑን ከስልክ ማጥፋት ወርሃዊ ክፍያውን አያቋርጥም፤ ከስቶሩ የሰብስክሪፕሽን ገጽ ገብተው ይሰርዙ። የነጻ ሙከራም ከሆነ ጊዜው ሊያልቅ ከ24 ሰዓት በላይ ሲቀረው ቢሰርዙ ይሻላል። የዓመት ክፍያ ቅናሽ ቢኖረውም በመጀመሪያ የአንድ ወር ይክፈሉ፤ አራቱን ቮይሶች አያጥፏቸው፣ አፑ ትልቅ ማሻሻያ ባደረገ ቁጥር መልሰው ያስገቧቸው።