ፈረሱ ከጋሪ ሲፈታ፦ ከድካም በኋላ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ግንቦት ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ አንድ ባለጋሪ ሽንኩርቱን አራግፎ ፈረሱን ከነጋሪው ግድግዳ ሥር ያቆማል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ግድግዳው ጥላ የለውም። የፈረሱ አፍንጫ ተነፍቷል፣ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። ላቡ ነጭ አረፋ ሆኖ የደረቱ ጠፍር ሥር ተጠራቅሟል። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ገለባ ፊቱ አድርጎለት፣ አንገቱን መታ መታ አድርጎት ነው ለበርጫ ወደ ጓደኞቹ የሚሄደው። ውሃውን ግን "መጀመሪያ ላቡ ይድረቅለት" ብሎ ያቆይበታል።

እኛም ቤት እንደዚህ ነበር የሚደረገው። አባቴ ጋሪ ነበረው። እኔም ፈረስ ማሰርና መፍታት የተማርኩት ሳቢያን ሰፈር፣ በልጅነቴ ነው። አንድ ዳማ ፈረስ ነበረን። አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ሲመለስ ውሃ ከለከልነው፣ ፀሐይ ላይ አቆምነው፣ ማታ ወደቀ። እስከ ንጋት አልቆየም። "ዓይን በላው" ተባለ። ዓይን አልነበረም፤ ሙቀትና ጥማት ነበር። ይህን የምጽፈው ለዳማው ብዬ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ "አንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እዚህ አንቱታ ብዙም አንወድም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። የፈረስ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ከአራት እጅ ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣው ሙቀት ሆኖ ነው። ጋሪው ስለቆመ ያ ሙቀት ወዲያው አይጠፋም፤ ከጡንቻው ወደ ደሙ መፍሰሱን ይቀጥላል። ሐረር ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሱ ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል። ድሬ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ፈረሱን የምታቀዘቅዘው አንተ ነህ።

እስትንፋሱ አልረጋ ሲል

ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ልቡ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሥራ ሲመጣ ሦስቱም ከፍ ማለታቸው ያለ ነው። ጥያቄው ይወርዳሉ ወይ ነው። የልብ ምቱን ለማወቅ ከመንጋጋው አጥንት ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ እርሳስ የሚያህል ለስላሳ ደም ስር በጣትህ ፈልግ። 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛው። ግማሽ ሰዓት አርፎም ከ64 በላይ ከሆነ ፈረሱ አልበረደም፤ ወይም ሌላ የሚያሠቃየው ነገር አለ። ቴርሞሜትር ካለህ ደግሞ ጫፉን ቫዝሊን ቀብተህ፣ ክር አስረህበት፣ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ቆመህ በፊንጢጣው ለካው። ከ40 በላይ ካነበብክ ለወሬ ጊዜ የለህም።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል። ዕቃው አልተፈታም፣ ጥላ የለም፣ ነፋስ የለም።

መፍትሄው ከዕቃው ይጀምራል። ጠፍሩን፣ ኮርቻውን፣ አፍንጫው ላይ የሚጫነውን ማሰሪያ ሁሉ ፍታ። ፈረስ እንደ ውሻ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ጥላ ውሰደው። ከዚራ አካባቢ ከሆንክ ታድለሃል፤ ዛፍ አታጣም።

ቀጥሎ ውሃ ድፋበት። አዎ፣ እንደሞቀ። "ትኩስ ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ጡንቻው ይያዛል፣ ምች ይመታዋል" ሲባል አድገናል። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት ተመራማሪዎች ይህን በሚገባ ፈትሸውታል። በሞቃትና እርጥበታማ አየር የሮጡ ፈረሶች ላይ በረዶ የገባበት ውሃ ሳይቀር ፈሰሰ። ፈረሶቹ ቶሎ በረዱ እንጂ ጡንቻቸው አልተያዘም። ስለዚህ አንገቱን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ የጭኑን ትልልቅ ጡንቻ፣ በእግሮቹ መሃል ያለውን ሁሉ አርስ። ጆሮውና አፍንጫው ውስጥ ብቻ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። ውሃውን ለመጥረግ ጊዜ አታጥፋ፤ የሞቀውን ቀጣዩ ውሃ ይዞት ይወርዳል።

"ድሬ ላይ ለሰውም ውሃ በፈረቃ ነው" ትለኛለህ። እውነትህን ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለፈረሱ ለይተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ውሃ በቀትር ያቃጥላልና መጀመሪያ በእጅህ ሞክረው። በስፖንጅ ወይም በጨርቅ እያጠቀስክ አርሰው፤ ካርቶን ቀደህ አራግብለት። የእኛ አየር ብዙ ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተንና ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እርጥብ ጆንያ ጀርባው ላይ ጥለህ መሄድ ግን አይሆንም። ጆንያው ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል።

ትንፋሹ ጋብ ሲል፣ ካልተንገዳገደ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብለህ በእግር አንሸራሽረው። የሚራመድ ጡንቻ ደሙን ይገፋል፤ ደሙም ሙቀቱን ወደ ቆዳ ያመጣል። ቢቻል ይህን ከመፍታትህ በፊት ጀምረው፦ የመጨረሻዋን መንገድ በሶምሶማ ሳይሆን በእርምጃ ይምጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፈረሱ ቀዝቅዞም እየተነፈሰ ካስቸገረ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ፣ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ፣ ያ ድካም አይደለም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው በአገራችን አለ፤ ቫይረሱንም የሚያስተላልፉት ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው። ያኔ ሐኪም ብቻ ነው።

ላቡ ሲቆምና ሲንገዳገድ

ቆዳው እሳት ነው፣ ግን ደርቋል። ዓይኑ ፈዟል፣ እግሩ ይተባተባል። ይህ ሙቀት አንጎሉን መጉዳት ሲጀምር ነው። አታንሸራሽረው። ባለበት ጥላ ሥራለት፣ ያለህን ውሃ በሙሉ ሳታቋርጥ ድፋ፣ አንድ ሰው የእንስሳት ሐኪም ይጥራ። ሐኪሙ እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አታቁም።

ውሃ አልጠጣ ሲል

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል፦ እኛ የምንከለክለው ፈረስና ራሱ እምቢ የሚለው ፈረስ።

ስለምንከለክለው ላስቀድም። ከሥራ የመጣ ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ ውሃ ቢጠጣ አይሞትም። እንዲያውም የበለጠ የሚጠማው ያኔ ነው። ያን ጊዜ ካሳለፍክበት ፍላጎቱ ይቀንስና በቂ ሳይጠጣ ያድራል። ግማሽ ባልዲ ስጠው፣ አንሸራሽረው፣ ደግሞ ስጠው።

ራሱ እምቢ የሚለው ምክንያት አለው። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨዋማ ነው። እኛ ላብ ስናፈስ የሚበዛው ውሃው ነው፤ ደማችን ጨዋማ ይሆንና ይጠማናል። ፈረስ ግን ውሃውንም ጨውንም አብሮ ያጣል። ደሙ ጨዋማ ስለማይሆን ሰውነቱ ደርቆ እንኳ ጥማት ላይሰማው ይችላል። ትልቅ ፈረስ በሙቀት ሲለፋ በሰዓት 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ላብ ሊያጣ ይችላል። የእኛ የጋሪ ፈረሶች አነስ ያሉ ናቸው፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

መድረቁን በእጅህ ታውቀዋለህ። የላይኛ ከንፈሩን ገልብጥና ድዱን በአውራ ጣትህ ተጫን። ነጭ ይሆናል። ስትለቀው በ2 ሰከንድ ውስጥ ሮዝ መሆን አለበት። ድዱ ከተጣበቀብህ፣ ቀለሙም ከዘገየ ደርቋል።

ሁለት ባልዲ አቅርብለት። በአንዱ 10 ሊትር ውሃ ላይ 90 ግራም ያህል የገበታ ጨው፣ ማለት 5 የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ አሟሟ። በሌላው ንጹሕ ውሃ ይሁን። ይምረጥ። ጨዋማውን ከጠጣ በኋላ ጥማቱ ስለሚነቃ ንጹሑንም ይጨምርበታል። ጨው ብቻውን አፉ ውስጥ አትጨምር፣ ውሃ ለማይጠጣም መኖ ላይ አትነስንስ፤ ያብስበታል። "የድሬ ውሃ ራሱ ጨዋማ ነው" የሚሉ አሉ። ጀበናችን ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ኖራ ነው እንጂ ላቡ የወሰደበትን ጨው አይተካም።

ጎኑ ከልቡ ጋር ሲመታ

ይህን አንዴ ያየ አይረሳውም። ፈረሱ ቆሟል፤ ሽንጡ ግን ስቅታ እንደያዘው ብድግ ብድግ ይላል። አንድ እጅህን ሽንጡ ላይ፣ ሌላውን ከግራ ክርኑ ኋላ ልቡ ላይ አድርግ። ሁለቱ እኩል ይመታሉ። በላቡ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ስለጎደሉበት፣ ለመተንፈሻ ጡንቻው ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ልብ አጠገብ ሲያልፍ በልብ ምቱ ይነቃል። ሥራ አቁም፣ አሳርፈው፣ ሐኪም ጥራ። ካልሲየም በደም ስር የሚሰጠው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ፈጥኖ ከገባ ልብ ያቆማል።

ግንድ ሆኖ ሲቆም

የዳሌው ጡንቻ ድንጋይ ሆኗል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ አንድ እርምጃ አይሄድም። ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ጡንቻው እየተጎዳ ነው። ይህ በብዛት የሚመጣው በበዓል ሥራ ፈትቶ ገብሱን እንደ ልቡ ሲበላ ሰንብቶ በማግስቱ ድንገት ከባድ ጭነት የተጫነ ፈረስ ላይ ነው። ሰው "ይፍታታ" ብሎ ይጎትተዋል። አታድርገው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ጡንቻውን ይበልጥ ይቀደዋል። ባለበት ይቁም፣ ጥላና ውሃ ይምጣለት፣ ሐኪም ይየው። ለወደፊቱ ሥራ በማይሠራበት ቀን ገብሱን ቢያንስ በግማሽ ቀንስ፣ ድርቆሹን አትቀንስ።

ሆዱን እያየ መሬት ሲቆፍር

ቁርጠት ነው። የደረቀ አንጀት መኖ ይዘጋበታል፤ ወይም ገና ሳይበርድ ገብስና ፉርሽካ ተሰጥቶታል። ድርቆሽ ወዲያው ቢቀምስ ችግር የለውም፤ እህል ግን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ገራባም፣ ማለት የጫት ትራፊ፣ አትስጠው። ጫት ልብ ያፋጥናል፣ አንተ ደግሞ ልቡ እንዲረጋ ነው የምትፈልገው።

ቁርጠቱ ከጀመረ መኖውን አንሳ። መንከባለል ከፈለገ ቀስ እያልክ አራምደው። ዘይትም ሆነ ሻይ በጠርሙስ አፉ ውስጥ አትጨምር፤ ሳንባው ከገባ ከቁርጠቱ የባሰ ይገድለዋል። ግማሽ ሰዓት ካልተሻለው ሐኪም።

እግሩና ጀርባው

አራቱንም ሰኮና አንስተህ ጠጠር ፈልግ። ቁርጭምጭሚቱ ከሞቀ ወይም ካበጠ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት። ሰኮናው ራሱ ከጋለና ከበላዩ ያለው ደም ስር በኃይል ከመታ ግን አስፋልቱ ላይ አታውጣው፤ ለሐኪም አሳየው።

ጀርባው ሲደርቅ የላቡን ጨው እጠብለት። ጨውና አቧራ ጠፍር ሥር ተደባልቀው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉታል፤ ገጣባ የሚጀምረው እዚያ ነው። ፀጉሩ ሳስቶ ቆዳው ከቀላ ያንን ቦታ የሚነካ ዕቃ ለቀናት አታሳርፍበት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ቁስል ያቆስላል እንጂ አያድንም። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረህ እጠበው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከማሰርህ በፊት፣ ሦስት ነገር እይ፦ ፋንድያው ስንት ነው፣ ባልዲው ጎድሏል ወይ፣ አሥር እርምጃ ስታራምደው እኩል ይረግጣል ወይ። አንዱ ከጎደለ ጋሪው ዛሬ ይቁም።