ጂኤስኤልን ስትጠቀሙ «ኮፒንግ» የሚለውን ፋይል አትዝለሉት

ለአንድ ድርጅት የፀሐይ ኃይል ማስያ ፕሮግራም በሲ ስጽፍ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚወርደውን ጨረር ለመደመር ኢንቴግራል አስፈለገኝ። ጂኤስኤልን፣ ማለትም ግኑ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ያለውን የሳይንስ ስሌት ላይብረሪ፣ ጫንኩና በሳምንት ጨረስኩ። ፈቃዱ የተጻፈበትን «ኮፒንግ» የሚለውን ፋይል ግን አላነበብኩም። ጣጣው የመጣው በርክክቡ ቀን ነው፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ኡቡንቱ ላይ መጨረሻው «ዴቭ» የሚለውን የጂኤስኤል ፓኬጅ በአፕት ጫኑ፤ ያለ እሱ ኮምፓይለሩ ሄደር ፋይሎቹን አያገኝም። ኮምፓይል ስታደርጉ የራሳችሁ ፋይል ይቅደም፣ ከዚያ ጂኤስኤል፣ ቀጥሎ ጂኤስኤልሲብላስ፣ መጨረሻ ላይ የሒሳቡ ኤም። ላይብረሪዎቹን ካስቀደማችሁ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ስክሪኑን ይሞላዋል። ለሙከራ ጄ ዜሮ የሚባለውን የቤሴል ፈንክሽን በ5 አስሉት፤ −0.1776 ገደማ ካገኛችሁ ሠርቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ላይብረሪው ስህተት ሲገጥመው ፕሮግራሙን እዚያው ያቋርጠዋል። ለመማሪያ ጥሩ ነው፣ ለደንበኛ ግን አይሆንም። ኤረር ሃንድለሩን አጥፉና የሚመልሰውን ኮድ ራሳችሁ ፈትሹ።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ማርክ ጋላሲና ጄምስ ታይለር ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1996 ሎስ አላሞስ ላይ ሲጀምሩ፣ በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩ አንዳንድ የስሌት ኮዶች ለሌላ ማካፈልን የሚከለክል ፈቃድ ነበራቸው። ሳይንቲስት የሠራበትን ፕሮግራም ለባልደረባው መስጠት ካልቻለ ምን ይረባዋል? ስለዚህ ከ1000 በላይ ፈንክሽኖች እንደ አዲስ ተጻፉ፤ ፈቃዱም ጂፒኤል፣ ማለትም የግኑ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ፣ ሆነ፤ ዛሬ ስሪት 3 ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ይረዳል፤ «ነፃ» እና «በነፃ» አንድ አይደሉም። ጂኤስኤል ነፃ ነው። የሠራችሁበትን ፕሮግራም በገንዘብ መሸጥ አይከለክልም፤ የሚከለክለው መደበቅን ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ደንበኛን አስቀድሜ «ፕሮግራሙ ከቤታችሁ ይወጣል?» የምለው። የማይወጣ ከሆነ፣ ቢሯችሁ ውስጥም ሆነ ሰርቨራችሁ ላይ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት፤ ማንም ኮድ አምጡ አይላችሁም። የስሌቱ ውጤትም፣ ግራፉም ሰንጠረዡም፣ የራሳችሁ ነው። ከጂኤስኤል ጋር የተያያዘውን ፕሮግራም ለሌላ ሰው ስትሰጡ ግን ፕሮግራሙ በሙሉ በጂፒኤል ይሰጥ፣ ሶርስ ኮዱም ይቅረብለት። አንዳንዱ «ላይብረሪውን ለየብቻ ዳይናሚክ አድርጌ አያይዘዋለሁ» ይላል። ያ ላላ ያለው የጂፒኤል ዓይነት፣ ኤልጂፒኤል፣ ለሆኑት ነው፤ ጂኤስኤል ኤልጂፒኤል አይደለም።

የእኔ ደንበኛ ፕሮግራሙን ለሌሎች ሊሸጥ፣ ኮዱን ግን ሊደብቅ ኖሯል ያሰበው። መብቱ ነው፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። መውጫው ጂኤስኤል ራሱ ውስጥ ተገኘ፤ የኢንቴግራል ክፍሉ የተቀዳው ከኳድፓክ ስልት ነው፣ ኳድፓክ ደግሞ ባለቤትነት የማይጠየቅበት የፎርትራን ኮድ ሆኖ ኔትሊብ በተባለው የስሌት ኮዶች ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል። የማትሪክስ ሥራ ቢኖረኝ ኖሮ ኮድ መደበቅን የማይከለክል ቢኤስዲ ፈቃድ ያለውን ላፓክ እወስድ ነበር። ፎርትራኑን ከሲ ጋር ማስማማት፣ ቁጥሮቹን ከድሮው ውጤት ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ለዚያውም ያለ ክፍያ።