«ፋይሌ ዲ ላይ ነው» እና ሌሎች ሊኑክስ ሲጫን የሚሠሩ ስህተቶች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖችን አይቀበልም። ስለዚህ ሰሞኑን የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ዊንዶውሱ ይቆይልኝና ሊኑክስ ጎኑ ጫንልኝ»። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። መጫኑ ራሱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ጣጣው ያለው ከመጫኑ በፊት በሚታለፉ ነገሮች ላይ ነው።

ዲ ላይ ያለን ፋይል ባክአፕ ማለት

«ባክአፕ አለህ?» ስል የሚመጣው መልስ «አዎ፣ ሁሉም ፋይሌ ዲ ላይ ነው» የሚል ነው። በሰማሁት ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። አብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው አንድ ዲስክ ነው። ሲ እና ዲ የምንላቸው አንድ ቤት በግድግዳ ተከፍሎ ሁለት ክፍል ሲሆን ማለት ነው። ቤቱ ከፈረሰ ሁለቱም ክፍል የለም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዊንዶውስ ሲበላሽ ባለሙያው ሲን ብቻ ፎርማት አድርጎ አዲስ ይጭናል። ዲ ሳይነካ ይተርፋል። እንዲህ እያለ «ዲ ላይ አድርገው፣ አይጠፋም» የሚለው ምክር ከሰው ወደ ሰው ሄደ። ዊንዶውስን በዊንዶውስ ስትቀይሩ ያስኬዳል። የሊኑክስ መጫኛ ግን ሲ እና ዲ የሚባል ስም አያውቅም። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ከመረጣችሁ ሙሉ ዲስኩን ነው የሚያጠፋው። ሲም፣ ዲም፣ ዊንዶውስ ለራሱ የደበቀው ክፍልም አብሮ ይሄዳል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ የቤታችን ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ልጭን ተቀመጥኩ። የእህቴ የሠርግ ፎቶና አባዬ በሕይወት እያለ የተነሳቸው ፎቶዎች በሙሉ ዲ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ የመጣውን ምርጫ ይዤ «ኔክስት፣ ኔክስት» አልኩ። ሲጨርስ ዲን ፈለግኩ፤ የለም። እማዬ አልተቆጣችም። «የአባትህ ፎቶስ?» ብቻ ነው ያለችው። ከዘመድ ስልክ ጥቂቱን ለቃቅመናል። የቀረው ቀርቷል።

ስለዚህ አደራ። የምትወዱትን ነገር ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጡ። ከተገለበጠው ላይ አምስት ስድስት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ ኤክስተርናሉን ንቀሉት። ተሰክቶ ከቆየ መጫኛው እሱንም እንደ አንድ ዲስክ ይዘረዝረዋል፤ ተሳስታችሁ እሱን ልትመርጡ ትችላላችሁ። ስህተቱ ከደረሰ ደግሞ ማሽኑን ወዲያው አጥፉት፤ ምንም አትጫኑበት። በድሮው ሀርድ ዲስክ ላይ ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የተወሰነ ያተርፋል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ተስፋው በጣም ትንሽ ነው። ኤስኤስዲ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል።

ቢትሎከርን ሳያዩ ባዮስ መነካካት

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ጓደኛዋ ሴኪዩር ቡትን (ማሽኑ የማያውቀውን ሥርዓት እንዳያስነሳ የሚከለክለውን ቅንብር) አጥፍቶ ከፍላሽ ሊያስነሳ ሞክሯል። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ሲከፈት ሰማያዊ ገጽ ያወጣና 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ኪ ይጠይቃል። ቁልፉ ያለው ዊንዶውሱ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱ ግን የእሷ አልነበረም። የሸጠላት ሱቅ በራሱ ኢሜይል ነው የከፈተው። ሻጩን ፈልገን፣ እሱም የረሳውን ፓስዎርድ እስኪያስታውስ አራት ቀን ፈጀ። ልጅቷ እነዚያን አራት ቀናት አልተኛችም።

ቁልፉን የጠየቀው ቢትሎከር ነው፤ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ክፍል። ብዙ ሰው እንደበራ አያውቅም። አዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ቅጂዎች፣ በተለይ ከ24ኤች2 ወዲህ ያሉት፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዲስኩን ራሳቸው ሊቆልፉት ይችላሉ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ማስተካከያ ገጽ) ከመንካታችሁ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። በርቶ ከሆነ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉና ቢትሎከሩን አጥፉት። ዲስኩ ተፈቶ እስኪያልቅ ታገሱ። አካውንቱ የማን እንደሆነም ያን ጊዜ አረጋግጡ።

ፋስት ስታርትአፕን መተው

ዊንዶውስ «ሹት ዳውን» ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶሎ ለመነሳት ሲል ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሊኑክስ በዚህ መሃል ገብቶ የዊንዶውስን ክፍል ሲከፍት «በሥራ ላይ ነው» ብሎ ለማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። በግድ ከጻፋችሁበት ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ይህ ነው፤ ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አጥፉት።

ቦታ ከሊኑክስ በኩል መቁረጥ

የዊንዶውስን ክፍል የምታሳንሱት ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ፣ በዲስክ ማኔጅመንት ነው። እኔ ለሊኑክስ ቢያንስ 60 ጊጋባይት እተዋለሁ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት ይህን አትጀምሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተዋሱ።

አነሳሱን አለማመሳሰል

ፍላሹ በባዮስ ዝርዝር ውስጥ ሁለቴ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) የሚል አለው። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ከሆነ ሊኑክሱንም በዚያው ጫኑ። ካልሆነ ሊኑክስ ይጫናል፤ ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው የምርጫ ገጽ ላይ ግን ዊንዶውስ አይታይም። ሰው ዊንዶውሱ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል፤ አልጠፋም።

በዚያው ዲስክ ላይ 100 ሜጋባይት አካባቢ የሆነች «ኢኤፍአይ» የምትባል ክፍል አለች። ትንሽ ስለሆነች ሰው ይንቃታል። ዊንዶውስ የሚነሳው በእሷ ነው። ተጠቀሙባት፣ ፎርማት ግን አታድርጓት።

ዲስኩ አልታይ ሲል ባዮስን ዝም ብሎ መቀየር

አንዳንድ የኢንቴል ላፕቶፕ ላይ መጫኛው ዲስኩን ጨርሶ አያየውም። ዲስኩ አልተበላሸም፤ አርኤስቲ በሚባል የኢንቴል የዲስክ አሠራር ስለተያዘ ነው። መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው መደበኛ አሠራር መቀየር ነው። በቀጥታ ከቀየራችሁት ግን ዊንዶውስ አይነሳም። መጀመሪያ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ (አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) እንዲነሳ አዘጋጁት። ከዚያ ባዮሱን ቀይሩ፤ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሳ በኋላ ወደ መደበኛው መልሱት።

ሳይሞክሩ መጫን

ፍላሹን ሩፈስ በተባለው ማዘጋጃ ፕሮግራም ስታዘጋጁ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ አውጡ። ከዚያ ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሱትና ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን ሞክሩ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። ዋይፋዩ እዚያ ላይ ካልሠራ መፍትሔውን ከመጫናችሁ በፊት ፈልጉ።

ሰዓቱ ሲዛባ ቫይረስ ነው ማለት

ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ መነሻ ይይዛል። ዊንዶውስ ያንኑ የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። የእኛ ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ ስድስት ሰዓት እየቀነስን ማንበብ ስለለመድን ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል። ሊኑክሱን የአካባቢውን ሰዓት እንዲይዝ ስታዙት ይስተካከላል።

ሊኑክስን ከዊንዶውስ ውስጥ መሰረዝ

ሊኑክሱ ያልተመቸው ሰው ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ክፍሉን ይሰርዘዋል። በነጋታው ሲከፍተው ጥቁር ገጽ ላይ «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ይጠብቀዋል፤ ግረብ የሊኑክስ ማስነሻ ነው። በዚህ ጊዜ ማንም ፎርማት እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱ። ዊንዶውሱም ፋይሉም እዚያው አለ። በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ማሽን ከሆነ ባዮስ ገብታችሁ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ከዝርዝሩ አናት ላይ አድርጉት፤ ይነሳል።