ቲንቲንን ለአዲስ አንባቢ ስትሰጡ እነዚህን አታድርጉ

ቲንቲን የሚባለውን ወጣት ጋዜጠኛ ጀብዱ በሥዕል የሚተርኩትን መጻሕፍት የሚወድ ሰው ሌላውም ቶሎ እንዲወድለት ይቸኩላል። በዚህ ችኮላ ስንቱ አንባቢ ገና በር ላይ ተመልሷል። "ሞክሬው ነበር፣ አልያዘኝም" የሚል ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "የትኛውን ሰጡህ?" ብዬ ነው። መልሱን ስሰማ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ "ከአንደኛው ጀምር" የሚለው ምክር ነው። ተከታታይ ድራማ ስለለመድን ክፍል አንድን ያላየ ክፍል ሁለት አይገባውም ብለን እናስባለን። ቲንቲን እንደዚያ አይደለም። ደራሲና ሠዓሊው ቤልጅጋዊው ሄርጄ ሥራውን እ.ኤ.አ. በጥር 1929 ሲጀምር ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ብራስልስ ውስጥ በሚታተም ወግ አጥባቂ የካቶሊክ ጋዜጣ ላይ የልጆች አባሪ ያዘጋጅ ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ ቲንቲንን ወደ ሶቭየት ኅብረት የላከው የጋዜጣው አለቃ ቦልሼቪኮችን፣ ማለትም የሩሲያ ኮሚኒስቶችን፣ የሚያወግዝ ታሪክ ስለፈለጉ ነው። ውጤቱ ከ130 ገጽ በላይ ማሳደድና ማምለጥ፣ እንደገና ማሳደድና ማምለጥ ሆነ። ቁጡው መርከበኛ ጓደኛው ካፒቴን ሃዶክ የለም። ጆሮው የከበደው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ካልኩለስ የለም። እኛ የምንወደው ቲንቲን ገና አልተወለደም።

ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ኮንጎ ነው። በጊዜው ኮንጎ የቤልጅግ ቅኝ ግዛት ነበረች። አፍሪካውያኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊትና ወፍራም ከንፈር ተሰጥቷቸው ተስለዋል፤ ቋንቋ ይሰባብራሉ፣ ለነጩ ልጅ ይሰግዳሉ። በመጀመሪያው እትም ቲንቲን ክፍል ገብቶ የኮንጎ ልጆችን ስለ "አገራችሁ ቤልጅግ" ያስተምራቸዋል። በ1946 በቀለም ሲታተም ትምህርቱ ወደ ሒሳብ ተቀየረ። የአፍሪካውያኑ አሳሳል ግን በዚያው ቀረ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወዳጆቼ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አጎት ለዘጠኝ ዓመቷ የእህቱ ልጅ "በቅደም ተከተል ታንብብ" ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት ገዝቶ መጣ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጥቂት ገጾች አገላብጣ ተወችው። ሁለተኛውን ከፈተችና ሥዕሉን ለእናቷ አሳየቻት። "እማዬ፣ እነዚህ እኛ ነን?" አለች። እናትየው መጽሐፉን ተቀብላ ልጅቷ እንዳታገኘው ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ትክክል አደረገች! ከዚያ ወዲያ "ግን እኮ በኋላ በጣም ቆንጆ ይሆናል" ብትሏት ማን ይሰማችኋል?

አይነበብ እያልኩ አይደለም። ሄርጄ ራሱ በኋላ ላይ ያኔ ይኖርበት በነበረው የከበርቴ ኅብረተሰብ ጭፍን አመለካከት ተሞልቶ እንደሠራው ተናግሯል። ሰውየው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ማወቅ ለሚፈልግ አዋቂ መጽሐፉ ትልቅ ማስረጃ ነው። ለጀማሪ ግን አይሰጥም፤ ለሐበሻ ልጅማ በጭራሽ። አንድ ሰው አይቶት ከተከፋ ደግሞ "ዘመኑ ነው" እያላችሁ ጠበቃ አትሁኑ። ክፉ ነው በሉና ሌላ መጽሐፍ ስጡት።

ታዲያ በምን ይጀመር? ለልጅ "የዩኒኮርን ምስጢር"ን ስጡ። እዚያ ውስጥ ሃዶክ ቤቱ ሆኖ ቅድመ አያቱ ከባሕር ወንበዴው ራካም ጋር ያደረገውን ውጊያ ለቲንቲን ይተርክለታል። ከትረካ አልፎ የአያቱን ባርኔጣ አድርጎ፣ ጎራዴ መዞ ይሠራዋል። በአንዱ ሥዕል አያትየው መርከብ ላይ ይዋጋል፣ በሚቀጥለው ሃዶክ ሳሎኑን ያተራምሳል። ሁለት ዘመን እየተፈራረቀ ሄዶ ሄዶ ሃዶክ የአያቱን ምስል ሸራ ቀዶ ጭንቅላቱን ያወጣል። በዚህ ያልሳቀ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ግን ይህን መጽሐፍ ለብቻው እንዳትሰጡ። የወንበዴው ሀብት የሚፈለገው በተከታዩ "የቀይ ራካም ሀብት" ውስጥ ነው። የጨረቃ ጉዞውም እንዲሁ ሁለት መጽሐፍ ነው፤ የወጡት በ1953 እና በ1954፣ ሰው ጨረቃን ከመርገጡ 15 ዓመት በፊት ነው። የመጀመሪያው የሚያልቀው ከምድር ሮኬቷን በሬዲዮ እየጠሩ መልስ ሲያጡ ነው። ልጅን እዚያ ላይ አስቁሞ "ሁለተኛውን ሌላ ጊዜ" ማለት ግፍ ነው። ጥንድ ከሆነ ጥንዱን ግዙ።

ሌላው ስህተት ለትልቅ ሰው ሲሰጡ ይቅርታ መጠየቅ ነው። "ጋሼ፣ የልጆች ነገር ነው፣ ግን እስኪ ይዩት" ይላሉ። ጋሼም የልጆች ነው ከተባሉ ለልጅ ያስተላልፉታል። አንድ ታሪክ ማንበብ የሚወዱ አዛውንት ጎረቤቴ እንዲህ ተብለው እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም ነበር። እኔ "ሰማያዊው ሎተስ"ን ከፍቼ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ያለበትን ቦታ አሳየኋቸው። በ1931 ማንቹሪያ ውስጥ ባቡር ሐዲድ ላይ ፈንጂ ይፈነዳል፤ ጃፓን ያንን ሰበብ አድርጋ ትወራለች፤ ማኅበሩ ይሰበሰባል፣ ጃፓን ረግጣ ትወጣለች። መጽሐፉ የታተመው በ1936 ነው። ጃንሆይ ጄኔቭ በዚያው ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ያሉትም በዚያው ዓመት በሰኔ ነው። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አድርገው ቁጭ አሉ።

ሄርጄም የተለወጠው በዚህ መጽሐፍ ነው። በ1934 ብራስልስ ውስጥ ቻንግ ቾንግ-ጄን ከሚባል ቻይናዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ስለማያውቀው ሕዝብ ከመሳል በፊት መጠየቅ እንዳለበት ከእሱ ተማረ። በመጽሐፉ ግድግዳዎች ላይ የሚታየው የቻይንኛ ጽሑፍ የምር ቻይንኛ ነው፤ አንዳንዱም ጃፓንን የሚቃወም መፈክር ነው። ከኮንጎው መጽሐፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚህ መድረሱ ይገርመኛል፤ ሁሌም ይገርመኛል።

"የካስታፊዮሬ ዕንቁ"ን ለጀማሪ አትስጡ፤ ሰዎቹን ለማያውቅ ምንም የማይፈጠርበት መጽሐፍ ነው።

የ2011ዱን የስፒልበርግ የቲንቲን ፊልም ያየ ሰው "ታሪኩን አውቀዋለሁ" ቢላችሁ አትመኑ። ሦስት መጻሕፍት የተቀላቀሉበት ነው።

ሦስት ታሪክ በአንድ ጥራዝ የያዘው ትንሹ እትም ኪስ አይጎዳም፤ ዓይን ግን ይጎዳል። ቲንቲን የተሳለው ለትልቅ ገጽ ነው። የተዋሳችሁትም ቢሆን ትልቁን ስጡ።

"ቲንቲን በቲቤት"ን ደግሞ አታስቀድሙ። ከሁሉም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ቢሆንም ቀድሞ ሲሰጥ አይቻለሁና አይሠራም። መጥፎ ሰው የሌለበት ታሪክ ነው፤ ቲንቲን ጠፋ የተባለ ጓደኛውን ፍለጋ በረዶ ውስጥ ይገባል። ጓደኛው ቻንግ ነው፣ ከ"ሰማያዊው ሎተስ"። ቻንግን ከጎርፍ ሲወጣ ያላየ አንባቢ ለምን ይጨነቃል? ሃዶክ በገመድ ተንጠልጥሎ ገደል ላይ የሚወስነውን ውሳኔም ሃዶክን ለረጅም ጊዜ ያላወቀ ሰው እንደ ተራ የተራራ ጀብዱ ያልፈዋል። ምን እንደወሰነ እዚህ አልጽፍም። እናንተም አትንገሩት።

ከሰጣችሁ በኋላ ራቁ። ጎኑ ተቀምጣችሁ "እዚህ ጋ እየው! አየኸው?" አትበሉት። በማግስቱ ደውላችሁ "የት ደረስክ?" አትበሉት። ራሱ "ሌላ አለህ?" ብሎ እስኪመጣ ጠብቁት፤ ሲመጣ የሚሰጠው ቀጣዩ መጽሐፍ ግን ተዘጋጅቶ ይቆየው።