ስሪላንካ ለሰርፍ ስትሄዱ፦ በየትኛው ወር የትኛው ዳርቻ?

ስሪላንካ ሰርፍ ለማድረግ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ቆማችሁ ማዕበል ለመጋለብ፣ ካሰባችሁ «ማዕበል አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ዓመቱን ሙሉ አለ። ጥያቄው «አሁን ተራው የየትኛው ጎን ነው?» የሚለው ነው። ደሴቷን ሁለት ሞንሱን፣ ማለትም ዝናብ ይዘው የሚመጡ ወቅታዊ ነፋሶች፣ ይፈራረቁባታል። ከግንቦት እስከ መስከረም ነፋሱና ዝናቡ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ የደቡብና የምዕራብ ዳርቻው ይናወጣል፤ ምሥራቁ ግን ያኔ ነው የሚያምርበት። ከታህሳስ እስከ የካቲት ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፣ ተራው የደቡብ ይሆናል። በደፈናው ከህዳር እስከ ሚያዝያ ደቡብ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ምሥራቅ ብላችሁ ያዙት። ይህን ሳያይ ትኬት የቆረጠ ሰው ሐምሌ ላይ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ሂካዱዋ ቁጭ ብሎ የደፈረሰ ውሃ ሲያይ ይሰነብታል።

ኮሎምቦ ሆናችሁ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ካላችሁ ቦታ በዝና አትምረጡ፣ በመንገዱ ምረጡ። ምሥራቅ ዳርቻ ያለችው አሩጋም ቤይ ስሟ ገናና ነው። ግን ከኮሎምቦ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ መንገዱ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። ቅዳሜ ማታ ደርሶ እሁድ ጠዋት ሻንጣ መሸከፍ ምን ይባላል? ደቡብ ዳርቻ ያለችው ወሊጋማ ግን ለሁለት ቀን የተሠራች ናት።

እኔ የምመክረው አርብ በፈጣኑ መንገድ አውቶቡስ ሄዶ እሁድ በባቡር መመለስ ነው። አውቶቡሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከማኩምቡራ ይነሳል፤ ጋል ወይም ማታራ ወርዳችሁ የቀረውን በባጃጅ ወይም በተራ አውቶቡስ ትጨርሱታላችሁ። ባቡሩ እንደየዓይነቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሐዲዱ ባህሩን ታክኮ ነው የሚሄደው፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ውሃው መስኮቱ ሥር ያለ ነው የሚመስለው። ወደ ኮሎምቦ ስትመለሱ ባህሩ በግራ በኩል ነው፣ ስትሄዱ በቀኝ። ቦርድ ይዛችሁ አትንከራተቱ። እዚያው ዳርቻው ላይ በሰዓትም በቀንም ይከራያል።

ወሊጋማ ለጀማሪ የሚመከረው ታችው አሸዋ ስለሆነ ነው። ስትወድቁ፣ መውደቃችሁ ደግሞ አይቀርም፣ የሚቀበላችሁ ድንጋይ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ጠዋት ነፋሱ ገና ስለሆነ የውሃው ፊት ለስላሳ ነው፤ ረፋዱ ላይ ከባህር የሚመጣው ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ይበጣጠሳል፣ የሰርፍ ትምህርት ቤቶቹ ደንበኛም ይጎርፋል። ከቁርስ በፊት አንድ ዙር፣ አመሻሹ ላይ ነፋሱ ሲበርድ ሌላ ዙር። በቃ።

ቦርዱን ስትመርጡ አትኩራሩ። ትልቁን፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጫማ የሚሆነውን፣ ላዩ ስፖንጅ የሆነውን ውሰዱ። አጭሩና የሚያምረው ለፎቶ ነው። ሆዳችሁ ላይ ስትተኙ የቦርዱ አፍንጫ ከውሃው ትንሽ ብቅ ይበል። አፍንጫው ከሰመጠ ወደ ኋላ፣ ሽቅብ ካንጋጠጠ ወደ ፊት ሸርተት በሉ። ማዕበሉ ከኋላ ሲያነሳችሁ ሁሉም ሰው ቶሎ ለመቆም ይቸኩላል፤ እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው። ማዕበሉ ያዘኝ ብላችሁ ስታስቡ ገና ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ቅዘፉ። ቦርዱ በራሱ መንሸራተት ሲጀምር መዳፋችሁን ደረታችሁ አጠገብ ተክላችሁ፣ ገፍታችሁ፣ በአንድ ትንፋሽ ተነሱ። በጉልበት መንበርከክ ይቀላል፣ ግን ልማድ ሆኖ ይቀራል። ዓይናችሁ እግራችሁን ሳይሆን ዳርቻውን ይይ። ወደ ታች ያየ ወደ ታች ይሄዳል።

ስትወድቁ በጭንቅላት አትጥለቁ፣ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ውደቁ። ወደ ላይ ስትወጡ ክንዳችሁ ጭንቅላታችሁን ይሸፍን፤ ቦርዱ ከገመዱ ጋር ተወንጭፎ ይመለሳልና። ቦርዱን ደግሞ በእናንተና በሚመጣው ማዕበል መሀል አታድርጉት። እየተራመዳችሁ ስትገቡም ከጎናችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ከፊታችሁ ከሆነ አንዱ ነጭ አረፋ ገፍቶ ጥርሳችሁ ላይ ያሳርፈዋል።

ዋና የማትችሉ ከሆነ ወገባችሁ ድረስ ብቻ ግቡ፣ አሰልጣኝ ይኑር። እግር ላይ የሚታሰረው ገመድ ቦርዱ እንዳይጠፋ ነው እንጂ ሰው እንዳይሰጥም አይደለም። ወደ ጥልቁ የሚጎትት ወራጅ ከያዛችሁ አትታገሉት፣ ጉልበታችሁን ነው የሚጨርሰው። ቦርዱን አትልቀቁ። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ቅዘፉ፣ ወራጁ ጠባብ ስለሆነ ትወጡለታላችሁ፤ ካቃታችሁ እጅ አውጥታችሁ አውለብልቡ። ቀይ ባንዲራ ካለ ደግሞ ክርክር የለም።

ሌላው የመንገድ ሥርዓት ነው። ማዕበሉ መጀመሪያ ለሚፈርስበት ጫፍ ቅርብ የሆነው ሰው ባለመብት ነው። እሱ እየጋለበ እያለ ከፊቱ ዘው ማለት ነውር ነው፣ የሰውም አጥንት ይሰብራል። ወሊጋማ አጠገብ ባለችው ሚዲጋማና ሂካዱዋ ላይ ይህ በደንብ ይታያል፣ እዚያ ታችው ኮራል ስለሆነ ማንም ቀልድ አይወድም። የስሪላንካ ባህር ከፍታው በቀን ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሜትር በታች ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ውሃው ግማሽ ሜትር ሲጎድል ኮራሉና ባለ እሾሁ የባህር ጃርት እግራችሁ ሥር ናቸው። መዞር ሳትችሉ እዚያ አትግቡ።

ፀሐዩ አይቀለድበትም። ደቡቡ ከምድር ወገብ ስድስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ባህሩ ሞቃት ነው፣ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ፣ ወፍራም የዋና ልብስ አያስፈልግም። እጅጌው ረዥም የሆነ ስስ ሹራብ ግን የግድ ነው፤ ደረትና ሆድ ከቦርዱ ጋር ሲፋተግ ይላጣል።

ቀትር ላይ ነፋሱ ሲያበላሸው ምን ይሠራል? ከወሊጋማ ብዙም ሳይርቅ የጋል ምሽግ አለ። ፖርቱጋሎች የጀመሩት፣ ከ1640 ጀምሮ ሆላንዶች ይዘው ያስፋፉት ነው፤ ግንቡ ላይ አመሻሹን መዞር ነፃ ነው። እዚያው ወሊጋማ አጠገብ ሚሪሳ ላይ ከህዳር እስከ ሚያዝያ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ለማየት ጀልባ ይወጣል። ጀልባው የሚነሳው ግን በማለዳ ስለሆነ ከሰርፉ ጋር ይጋጫል፣ አንዱን ምረጡ። ምእመናን የሚሳለሙት ስሪ ፓዳ የሚባለው 2,243 ሜትር ተራራም ወቅቱ ለዚህ ቅርብ ነው፣ ከታህሳስ ሙሉ ጨረቃ እስከ ግንቦት ሙሉ ጨረቃ። ሌሊቱን ደረጃ ሲወጡ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ። ከሰርፍ ጋር በአንድ ቅዳሜና እሁድ አትደርቡት፣ ጉልበታችሁ ይታዘባችኋል።

አሩጋም ቤይን ለረዥም እረፍት አስቀምጧት። ስሪላንካ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን፣ ፖያ የሚሉት፣ በየወሩ የሕዝብ በዓል ነው። አርብ ወይም ሰኞ ላይ ሲውል ሦስት ቀን ታገኛላችሁ። መቀመጫ ቀድማችሁ ያዙ፣ አገሩ ሁሉ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚያ ቀን መጠጥ አይሸጥም፣ ባለሱቁን አትጨቅጭቁት። የግንቦቱ ፖያ፣ ቬሳክ የሚባለው ትልቁ የቡድሂስቶች በዓል፣ ከሆነ ደግሞ ከተሞቹ በፋኖስ ያሸበርቃሉ፣ መንገድ ዳር ዳንሳል በሚሉት ድንኳን ለመንገደኛ ሁሉ ምግብና መጠጥ በነፃ ይታደላል፣ ማንነታችሁን የሚጠይቅ የለም። ቁጭ ብሎ መብላት ነው።

አሩጋም ቤይ ዋናው ማዕበል የሚፈርሰው ድንጋያማ ጫፍ ላይ ነው፣ ለለመደ ሰው ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በባጃጅ ዊስኪ ፖይንት ወይም ፒነት ፋርም ሂዱ። ሰርፍ የማይፈልግ ጓደኛ ካለ የኩማና ፓርክ ቅርብ ነው፣ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ቡድኑ ውስጥ ብዙዎቹ መዋኘት ብቻ ከፈለጉ ግን አሩጋም ቤይን ትታችሁ ትሪንኮማሊ አጠገብ ያለችው ኒላቬሊ ትሻላለች፤ በምሥራቁ ወቅት ውሃዋ የተረጋጋ ነው። ነሐሴና መስከረም ከሆነ በመንገዳችሁ ሚኔሪያ ፓርክ ቆም በሉ፣ ማጠራቀሚያ ሐይቁ ሲጎድል በሚበቅለው ሣር ላይ ዝሆኖች በመቶዎች ይሰበሰባሉ።

እሁድ ስትመለሱ የመጨረሻውን ባቡር አትጠብቁ፣ ቆማችሁ ነው የምትገቡት። ከቀትር በኋላ ያለውን ያዙ፣ እርጥቡን ልብስ በፌስታል ለብቻው ቋጥሩ፣ በግራ በኩል ተቀመጡ።